ደጋግሞ የሚጠራው አውሬ

ሰባተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት የመካነ ሰላም ልጅ ሁሉ ስለ አዲስ ደብተርና ዩኒፎርም ሲያስብ፣ የኔ ጭንቀት ሰይድን በምን ላስፈራው የሚል ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣው የአጎቴ ልጅ ጌታቸው ባስተማረን ጨዋታ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ደብተር ላይ የፈጠሩትን ጀግና ይዘው በተረቱ ውስጥ ይጓዛሉ። አውሬ ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ሲጣል በሚያሳየው ቁጥር ይፈርዳል። ጌታቸው ዳይሱን ለኔ ትቶልኝ ሄደ፤ ተራኪነቱም በዚያው የኔ ሆነ። ጀግኖቼ ሁለት ነበሩ፤ የጎረቤታችን ልጅ ሰይድና የክፍል ጓደኛዬ ብርቱካን።

የምንጫወተው የሰይድ አባት ጀምረው በተዉት ቤት ውስጥ ነበር። ቆርቆሮው ተመትቷል፤ በርና መስኮት ግን አልተገጠመለትም። ጭድና ጭቃ ይሸታል። ከኋላው በየክረምቱ እየሰፋ የሚሄድ ቦረቦር አለ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ደራሽ ጎርፉ ከሥር ሲያጓራ ይሰማናል።

ጀግና ባሸነፈ ቁጥር እየበረታ ስለሚሄድ፣ ነሐሴ ሲገባ የሰይድ ጀግና የማይቻል ሆነ። ዘንዶ ሳመጣ በአንድ ምት፣ አንበሳ ሳመጣ በግልምጫ። ዘንዶውን ሁለት ባደርገውም ያው ነው። "አንቺ፣ ወላሂ እንቅልፌ መጣ እኮ" ይለኝ ጀመር። ጨዋታችን ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከፍርሃቴ ንዴቴ ይበልጥ ነበር። ጌታቸው ሊሄድ ሲል የመከረኝ ትዝ አለኝ። ጉልበተኛን በጉልበት አትግጠሚው፣ የሚተማመንበትን ነገር ፈልገሽ እሱን ንሺው ብሎኝ ነበር።

ሰይድ የሚተማመንበትን አውቅ ነበር። አያቱ ጋሽ ይመር ጉም በወረደ ቁጥር የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ልጅ ሰብስበው ያስጠነቅቁን ነበር። ጉም ውስጥ የጠራችሁን ሦስቴ ሳይደግም አቤት እንዳትሉ፤ ጅን ከሁለት አያልፍም፣ ሦስቴ የጠራ ግን ሰው ነው ይሉናል። እኛም በዚሁ አደግን። እናቶቻችን እንኳ ሲጠሩን ጣታችንን እየቆጠርን እንጠብቃለን፤ በዚህ የተነሳ የበላሁት ቁንጥጫ ብዛት! እኔ ታዲያ ከጀግኖቼ ላይ ያቺን ሦስተኛዋን ጥሪ ነጠቅኳቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ በባዶው መስኮት እየገባ ደብተራችንን ሲያረጥበው አዲሱን አውሬዬን አመጣሁ። ጥርስም ጥፍርም የለውም። የሚወዱትን ሰው ድምፅ ተውሶ ይጠራል፤ ሦስቴም ይጠራል፣ አምስቴም ይጠራል። አቤት ያለው ጀግና ጉልበቱን ሁሉ ያጣል። ብርቱካን ወደኔ ተጠጋች። ሰይድ ዳይሱን አነሳና ሳይጥለው መልሶ አስቀመጠው።

"እና ሰው መሆኑን በምን እናውቃለን?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አታውቁም" አልኩት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ብዙም አልቆየንም፣ ከውጭ "ሰይዶ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። የአምስት ዓመቷ እህቱ የዘሀራ ድምፅ ነበር። ሦስታችንም ደርቀን ቀረን። "ሰይዶ!" ሁለት። "ሰይዶ!" ሦስት። እንደ ጋሽ ይመር ምክር ቢሆን አሁን ተነስተን መውጣት ነበረብን፤ ማንም አልተነሳም። አራተኛው ጥሪ ለቅሶ ነበረበት፤ የመጣውም ከቦረቦሩ በኩል ነው። የብርቱካን ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ።

አውሬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ውሸት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። "አውሬው ጨዋታ ነው፣ የምትጠራህ እህትህ ናት፣ ሂድ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌ ተሳሰረ።

ከዚያ ጥሪው ቆመ። ደራሹ ብቻ ያጓራል። ከጥሪው ይልቅ ዝምታው ባሰ።

ሰይድ ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ እንባው ይወርዳል፤ ወደ ጅኑ እየሄደ እንደመሰለው ከፊቱ ይነበባል። "አቤት! ዘሀራ፣ አቤት!" እያለ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። እኔና ብርቱካን ካለንበት አልተነቃነቅንም። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ "አብሽሪ፣ አብሽሪ እህቴ" የሚል ድምፁን ሰማን። ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ሣር ጨምድዳ ተቀምጣ ነው ያገኛት። አንድ እግር ጫማዋን ደራሹ ወስዶታል። በጭቃ እንደተለወሰች አዝሏት ገባ። ለቤተሰብ አልተናገርንም፤ ጨዋታውም በዚያው ቀረ።

ዛሬ ልጆቼ ስልክ ላይ ይጫወታሉ፤ ጀግናቸው ሲሞት አንዴ ነካ አድርገው ያስነሱታል። ሦስት ልጆች በአንድ ደብተርና በባዶ ወሬ ብቻ እንደዚያ መንቀጥቀጣችን፣ ይመኑኝ፣ ይናፍቀኛል። አምና ዘሀራ ተዳረች። ሰይድ ሰርጓ ላይ ያንን ቀን ለእንግዶች እያሳቀ ሲያወራ ወደኔ ጠቆመና "ውሸት መሆኑን ታውቃለቻ! ያልፈራችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ቀደምኳት እንጂ ለዘሀራ ልትወጣላት ነበር" አለ። ዘሀራ ከነሙሽራ ልብሷ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ።

እንዳልሆነ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሳቅኩና ዝም አልኩ። በልጅነቴ አፌን የዘጋው ጉሙ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ፤ የሰርጉ ቀን ግን ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ነበር።