ማጭዱ ከተነጠቀ በኋላ

«ልጅ እያለሁ» ብዬ ስጀምር እናቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። «ደግሞ አንቺ መቼ አረጀሽ?» አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ቢሆንም ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ንዴት አለ። ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ደስ እያለኝ ልናደድ ነውና ታገሡኝ።

ያን ዓመት ለጥምቀት የአጎቴ ልጅ ሄኖክ ከአዲስ አበባ ወደኛ ከተማ ወደ ሞላሌ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማር ነበር። ላፕቶፑን መደቡ ላይ ከፍቶ «እኔ የሠራሁት ጌም ነው» አለን። እኛ እስከዚያ ቀን ጌም ማለት መኪና መንዳትና ተኩስ ብቻ ይመስለን ነበር። የሱ ተኩስም ነጥብም የለውም። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለች፤ የቤቷ ክዳን ሣር በስብሷል፣ ክረምቱ ደርሷል። አንቺ እሷን ሆነሽ ማጭድ ይዘሽ ወደ ጓሳ ትወጫለሽ። ጓሳ ግን ተዘግቷል።

የኛ አገር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። ጓሳ ለቤት ክዳን የሚታጨደው ሣርም፣ ሣሩ የሚበቅልበት ተራራም ስም ነው። ተራራው የሁሉም ነው፤ የሁሉም ስለሆነም ማንም እንዳሻው አያጭደውም። ሣሩ እንዲያድግ ለዓመታት ይዘጋል። ሽማግሌዎች «ተከፍቷል» ሳይሉ ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። ጠባቂም አለው።

እውነት እናውራ ከተባለ ጌሙ ያምራል። ጭጋጉ ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር ተነሥቶ ቀስ እያለ ስክሪኑን ይሸፍናል። ቀይ ቀበሮዋ ቆም ብላ ታይሽና መንገዷን ትሄዳለች። ነፋሱን ሄኖክ ጓሳ ላይ በደረቱ ተኝቶ በስልኩ ነው የቀዳው፤ ስትሰሚው ጆሮሽ ይቀዘቅዛል። እኔ አንድ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ነው የተጫወትኩት። ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሰባት ጊዜ ጨረስኩት።

ሰባት ጊዜ የጨረስኩት ስለወደድኩት ብቻ አይደለም። ጠባቂው ከበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር ባና ለብሶ ከጭጋጉ ሲወጣ ጌሙ «ለምኚው» ወይስ «ተደበቂ» ብሎ ያስመርጥሻል። ለመንኩት፤ ማጭዴን ነጠቀኝ። ተደበቅሁ፤ ፈልጎ አገኘኝና ነጠቀኝ። ስክሪኑ ይጨልማል፣ ነፋሱ ብቻ ይነፍሳል፣ በቃ አለቀ። ምረጪ ብሎ ጠይቆኝ ምርጫዬን ካልሰማ ለምን ጠየቀኝ? እንዲህማ የሚያደርጉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው!

ያ ጠባቂ አያቴ ናቸው። አባባ ጥላሁን በጉብዝናቸው ዘመን ጓሳን ጠብቀዋል፤ ሄኖክም ታሪኩን የሰማው ከአባቱ ነው። ባናቸውን፣ ጫፉ ብረት የለበሰ ዱላቸውን ሳይቀር ሥሎታል። አባባ ከኋላችን ቆመው አዩ። «ነፋሱን እንኳ አልተሳሳተም» አሉ፣ ትከሻቸው ላይ ያለውን ባና ሳብ እያደረጉ። ስክሪኑ ሲጨልም ግን ጎንበስ አሉ።

«ከዚያስ?»

«አለቀ፣ አባባ» አለ ሄኖክ።

«እንዴት ያልቃል? ሴትየዋስ? ዝናቡስ?»

«አጭር ጌም ነው። እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

«እንግዲህ አልቋል ካላችሁ አልቋል» ብለው ወጡ።

ሄኖክ ከመመለሱ በፊት ጌሙን ስልክ ላይ ጫነልን። በሳምንቱ ከስልክ ስልክ ተላልፎ ትምህርት ቤቱን አዳረሰው። ማስመሪያ ልዋስ እጄን ስዘረጋ ሰብለ የምትባል የክፍላችን ልጅ «ደብቁ፣ ደብቁ! የጠባቂው ልጅ መጣች፣ ትነጥቃችኋለች!» ብላ ክፍሉን በሣቅ አፈነዳችው። ቤት ገብቼ «አባባ፣ ያቺን ምስኪን ለምን ነጠቋት?» አልኳቸው። «ሕግ ነው» አሉ። «ከዚያስ?» አልኩ እኔም። ባናቸውን ተከናንበው ወደ ደጅ ወጡ።

ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ዳዊት የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ሦስት ጠዋት «እንቅልፍ ይዞኛል» ብዬ ቀረሁ። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ ሳዳምጥ መጽሐፉን ገልጠው የሚያስታውሱትን ያህል በቃላቸው ሲሉ እሰማቸው ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን እማማ በለጠች መጡ። የጌሙ ሴት እሳቸው ናቸው። ልጆች «እርስዎ ስልክ ውስጥ አሉ» ብለዋቸው ራሳቸውን ሊያዩ ነው የመጡት። በእናቴ ስልክ አሳየኋቸው። «እሰይ! ወገቤ ያኔ እንዲህ ነበር!» ብለው ሳቁ። ማጭዱ ተነጥቆ ስክሪኑ ሲጨልም ግን ስልኩን ገለበጡት፣ ነቀነቁት።

«ቀሪውን አምጪው እንጂ፣ ልጄ።»

«አለቀ፣ እማማ።»

«ማን አባቱ ነው የጨረሰው? ውሸታም!»

ቆመው ተናገሩ። አባባ ማጭዱን በነጠቋቸው ማግስት የገዛ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጡ። ግማሹን የጓሳ ክዳን ገፈው በአህያ ጫኑና እማማ በለጠች ደጅ አራገፉት። አሮጌም ቢሆን ጓሳ ነው፤ ልጅ እስኪያድግ ድረስ ይቆያል። ራሳቸው ከደኑላቸው። የራሳቸውን ግማሽ ጣሪያ ደግሞ በገብስ ገለባ ሸፈኑት። ገለባ ክረምት አይችልም።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። «እኛን ክዳኑን ነፋስ ወሰደው ነበር ያሉን» አለች። «እኔ ያን ክረምት ከጥጃው ጋር የተኛሁት ለዚያ ነዋ!»

«ቀኝህ የሰጠችውን ግራህ አትወቅ ብለው አስማሉኝ» አሉ እማማ በለጠች። «ይኸው ዝም አልኩ። ግማሹን እያወራችሁ ግን ዝም አልልም!»

በእናቴ ስልክ ሄኖክ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። «ጨምርበት!» አልኩት።

እሱ ግን እምቢ አለ። «አይሆንም፣ እህቴ። ሰው የሚያለቅሰው እዚያ ላይ ሲቆም ነው። ውበቱ ማጠሩ ነው።»

ማን እንዳለቀሰ እኔን ጠይቀኝ! ማጠሩን መቼ ጠላሁ? ዳዊት ውስጥ ሁለት ቁጥር ብቻ ያለው መዝሙር አለ፤ ምንም አይጎድለውም። ያጠረና የተቆረጠ ግን አንድ አይደሉም። የሰው ባና ወስደሃል፣ ዱላውን ወስደሃል፣ ነፋሱን ሳይቀር ወስደሃል። ጣሪያውን ምን በወጣው ትተወዋለህ?

በማግስቱ ዳዊቱን ይዤ አባባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ሳልል ገጹን መግለጥ ጀመርኩ። «እንቅልፉ ለቀቀሽ?» አሉኝና ባናቸውን ከፈት አድርገው ጎናቸው አስገቡኝ። የበግ ጠጉርና የጭስ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

አባባ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ቤታቸው ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናብ ሲጥል አያፈስም፣ ግን ሰው ከሰው አያደማምጥም። ጌሙ ዛሬም ልጆች ስልክ ላይ አለ። ባለፈው ሳምንት አንዲት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ ስትጫወተው አየኋት። አንድ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታለች። «ለምኚው»ን ነካች። ስክሪኑ ጨለመ፣ ነፋሱ ነፈሰ።

«ከዚያስ?» አለች ለራሷ፣ ሌላውን ልትመርጥ እንደገና እየከፈተች።

እኔ እንደሷ ስጫወተው መልሱን አላውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ከዚያማ» አልኳት፣ «ጠባቂው የገዛ ጣሪያቸው ላይ ወጡ።»