ሙዚቃው ሲጀምር ድምፁን የቀነስኩበት ሬዲዮ

1987 ዓ.ም. በጋ ነበር፤ የጋምቤላ ክልል ገና ራሱን እያቋቋመ ነው። እኔ የሰፋሪ ልጅ ስሆን አቦቦ ላይ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። እንግሊዝኛው የሚሰጠው በሬዲዮ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ድምፅ ይጠይቅና ልጆቹ እስኪመልሱ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ያሰማል። ትምህርቱ ሳያልቅ ሬዲዮውን መንካት ክልክል ነው።

ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲመልሱ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ሬዲዮው አልጠራ አለ፤ ጥያቄው ጠፍቶ ሙዚቃው ብቻ ደረሰን። ሁሉም የትናንቱን መልስ ጮኹ። ለካ ሲመልሱ የኖሩት ለሙዚቃው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሙዚቃው ሲጀምር ድምፁን እቀንሳለሁ። አንዱን ልጅ በስሙ እጠራለሁ። የገባው ላልገባው በአኝዋክ ቋንቋ ወይም በአማርኛ ይነግረዋል። ሬዲዮው ጥሎን ይሄዳል፤ እኛ ግን አንድ ነገር ይዘን እንወጣለን። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረችኝ። ሁለት ዓመት ወድቃለች፤ አባቷ ዘንድሮ ካላለፈች ከትምህርት ቤት አስቀራታለሁ ብሎኛል። እሷ ተነስታ የመለሰች ቀን እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ እንድታልፍም ተሳልኩ።

ይህን ሁሉ ለአበልጄ ነገርኳት። ልጄን ክርስትና ያነሳች ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። "ሬዲዮው ያስተማራቸው መጮህ ብቻ ነው" ብያት አብረን ሳቅን። ለሌላ ሰው አልተናገርኩም።

ከወር በኋላ ከጋምቤላ ሱፐርቫይዘር መጣ። ወረቀት እያየ፣ ሬዲዮው ያስተማራቸው መጮህ ብቻ ነው ብለዋል ወይ አለኝ። የራሴ ቃል ነበር። ብያለሁ አልኩ። ልጆቹን ይጠይቁልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ሬዲዮው አይነካም፣ መመሪያ መመሪያ ነው አለ። እኔ ወደ አንደኛ ክፍል ወረድኩ። ክፍሌም፣ ሬዲዮውም፣ ለሬዲዮ መምህር የሚሰጠው የክረምት ሥልጠናም ከነአበሉ ለአበልጄ ሆነ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት።

"አበልጄ፣ አንቺ ነሽ?"

መሬት መሬቱን አየች። "አንቺ ባል አለሽ። እኔ ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድግ።"

"ብትጠይቂኝ ክፍሉን እተውልሽ ነበር።"

"ትተዪ ነበር?"

 እተውላት እንደነበር እስከ ዛሬም አላውቅም። ያን ቀን የማየው ግን ልጄን ከጥምቀቱ ውሃ የተቀበለውን እጇን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ፣ በጤና ላነቃኝ ጌታ ምስጋና አድርሼ ትምህርት ቤት ገባሁ። የማስተማሪያ መጽሐፌን ይዤ አራተኛ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ጠርዙ ላይ የትኛው ልጅ የት እንደሚቀመጥ፣ በምን ቋንቋ እንደሚገባው ጽፌአለሁ። አበልጄን ሰላም አላልኳትም። የኋላውን ወንበር አሳየኋትና "ይህችን በስሟ ጥሪያት፤ ቀስ ብለሽ" ብዬ መጽሐፉን እጇ ላይ አኖርኩት።