ቀዩ ምልክት

ላስ ቬጋስ ውስጥ የጃፓን ሳህን ገልብጦ ፋብሪካውን፣ ዘመኑን፣ ግፋ ካላችሁኝም የሠሪውን የነፍስ አባት የሚናገር ሐበሻ ከእኔ በቀር የለም። ይህን ያስወራሁት ራሴ ነኝ። አንዲት የጃፓን ፊደል አላውቅም፤ ያለኝ ሎን ማውንቴን አካባቢ ሰዎች ጋራዣቸውን ከፍተው አሮጌ ዕቃ ሲሸጡ የገዛሁት አጉሊ መነጽርና ረጅም ምላስ ነው።

ወሬው ፓራዳይዝ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ጆሮ ገባ። ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ ሰው ምግብ ይዞ ያልመጣበት ቀን አልነበረም። ሳህኑ ሁሉ ተመልሶ ሥሩ የጃፓን ጽሑፍ ያለበት አንድ ቀርቷል፤ እሳቸው ደግሞ ቅዳሜ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሌላ ስቴት ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ ነው።

«የሰው ዕቃ ይዤ አልሄድም» አሉኝ። «ሐዘኔን ሊካፈል የመጣ ሳህን እንዴት ወስጄ እቀራለሁ? ለሴቶቹ ልደውል ይሆን?»

«እማማ፣ እንዳያደርጉት! የጃፓን መሆኑን ከሰሙ አርባ ሴት የኔ ነው ትላለች። ለኔ ይተዉት። ሠሪውን ካወቅሁ አቻዎቹ የማን ቤት እንዳሉ አገኛለሁ።»

በፎጣ ጠቅልዬ ከመኪናዬ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀመጥሁት። ቤት ካስገባሁት ይሰበራል ብዬ ነው።

ከሥሩ ሁለት ምልክት አለው። አንዱ ሰማያዊ፣ በጃፓን ፊደል፤ ሌላው ቀይ፣ አንድ ሰረዝና ሁለት ነጥብ። ሰማያዊውን በእረፍት ሰዓቴ በስልክ ፎቶ አንስቼ ብፈልግ ሦስት መቶ የሚመስለው ወጣ። ለካ ዘቅዝቄው ነው። ባቃናው ስድስት መቶ ሆነ። ዓይኔ እስኪቀላ አፈጠጥሁ፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው ዝንብ እግሯን ያሳረፈችበትን በምታህል ጭረት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰብሳቢዎችን ጠየቅሁ። ሰማያዊውን «በየቤቱ ያለ ተራ ፋብሪካ ነው» ብለው አለፉት። ቀዩን ግን የሚያውቀው ጠፋ! ምልክታቸውን በቀይ ቀለም በእጅ የሚጽፉ የጃፓን ሠሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህ ሠሪ ዓለም ያልደረሰበት የጥበብ ጌታ ነው ብዬ ደመደምሁ።

እማማ በየቀኑ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ባለቤቱ ተገኘ?» እኔ ስለ ጃፓን እቶን አስረዳለሁ። «እሱን ተወውና ባለቤቱን» ይሉኛል። ተናደድሁ። ለዕውቀት ክብር የሌለው ሕዝብ!

ሐሙስ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ሰፈር ልደት ተጠርቼ ሄድሁ። ከፊቴ የቀረበው ሳህን ያንኑ ይመስላል። ሥሩን ለማየት ቀስ ብዬ ሳነሣው ቀይ ወጡ በሙሉ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ሥሩ ባዶ ነበር። የቤቱ እመቤት ፎጣ እያቀበለችኝ «ምግቡ አልጣመህም?» አለችኝ።

ዓርብ ባለቤቴ አስቤዛዋን ልትጭን መኪናዬን ከፈተች።

«አንተ! ሳህኔን ምን ልታደርገው ነው እዚህ የደበቅኸው? ከለቅሶ ቤት አልተመለሰም ብዬ ስፈልገው ነበር!»

«የምን ሳህንሽ? ይህ እኮ የጃፓን…»

«ቀዩ አይታይህም? የጥፍር ቀለሜ ነው። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሳህን ላይ ሁሉ እቀባለሁ፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷ ምልክት አላት። እንዳይቀላቀል ነዋ!»

በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው፣ ዓለም ያልደረሰበት ጌታ ተላጠ። ወጥ ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኑን ስከፍት አምስቱ አቻዎቹ ተደርድረዋል፤ ሰረዝና ሁለት ነጥባቸውን እንደያዙ። ትናንት ማታ ራቴን የበላሁት በአንዱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ተገኘ?»

«ተገኘ እማማ። የኛው ነው።»

«ተመስገን!» ብለው ተነሡ፤ እፎይ ሲሉ ትከሻቸው ሲቀልል አየሁ። ወዲያው ግን ትክ ብለው አዩኝ። «ቆይ፣ የገዛ ቤትህን ሳህን ሥሩን አይተኸው አታውቅም? ሲታጠብ እኮ ይታያል።»

አላየሁትም። ሃያ ዓመት በትዳር ስኖር አንድ ሳህን አጥቤ አላውቅም።