የአባዬ እጅና የካቲካላ ስሞች

አባዬን መጀመሪያ ያመመው እጁን ነው። ወልቂጤ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ጠዋት ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ ክሩ ከመርፌው ቀዳዳ አልገባ ስለሚለው፣ እኔ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የቀኑን መርፌዎች ሁሉ ክር አስገብቼለት እሄድ ነበር። አንድ መለኪያ ሲቀምስ እጁ ይረጋል። መድኃኒቱ እሱ ይመስለን ነበር።

የሚጠጣው ካቲካላ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ግን ማንም በስሙ አይጠራውም። እሱና ጓደኞቹ የማለዳውን «ዓይን ማብሪያ»፣ የዝናቡን «ካፖርት»፣ የትናንቱን ስካር የሚያስታግሠውን «ማርከሻ» ይሉታል። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ሳይለያዩ ሲጠጡ ከሰነበቱ ደግሞ «ዘመቻ ነበርን» ነው። እኔም እየሰማሁ እስቅ ነበር።

በክረምቱ የሳንባ ምች ያዘው። በጭነት መኪና አታት ወስደን ሆስፒታል አስተኛነው። ትኩሳቱ በረደ። እፎይ አልን። ከዚያ ባሰበት። መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ላብ አጠመቀው። ብርድ ልብሱ ላይ ጉንዳን አየ። ጉንዳን አልነበረም። እኔን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

ዶክተሩ እናቴን «ባለቤትዎ ይጠጣሉ?» አላት።

«ኧረ፣ ለበዓል ቢቀምስ ነው» አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ከጎናችን፣ የንጉሡ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር የተኛው ሰው ደንበኛችን ነበር። አልፈርድባትም።

አባቴ ግን እያየሁት ሊሞት ነው። «ጠዋት ዓይን ማብሪያ ይወስዳል፣ ከዚያ ካፖርት፣ ከዚያ ማርከሻ...» አልኩ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኼ ሁሉ ስም የስንት መጠጥ ነው?»

«የአንድ። ካቲካላ ነው፤ በየቀኑ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሷ ሳትወለድ ጀምሮ» ብላ እናቴ መለሰች።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ሕመሙ ዲሊሪየም ትሬመንስ እንደሚባል፣ ሰውነት የለመደው አልኮል ድንገት ሲቋረጥበት እንደሚመጣ፣ ሊገድልም እንደሚችል ነገረን። «ደግ አደረግሽ። ሳናውቅ ብንቆይ ልናጣቸው እንችል ነበር» አለኝ። አባዬ የሚያረጋጋ መርፌ ተወጋ። ቫይታሚን ቢም ተሰጠው። ተኛ። ሲነቃ በስሜ ጠራኝ።

ቤት ከገባን በኋላ እናቴ የቡላ ገንፎ በቅቤ እያበላችው፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ደግሞ እነሱ ቤት ለረመዳን የሚጠመቀውን የማያሰክር ቀሪቦ በማሰሮ እየላከችልን፣ አባዬ መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ቀጥሎም እስከ ሱቁ መሄድ ጀመረ። ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ «ምነው፣ ከዘመቻው ከዳህ?» ይሉታል፤ እሱም «ቆስዬ ጡረታ ወጣሁ» ይላቸዋል።

የፈራነው መስቀልን ነበር። በእኛ ቤት ያን ቀን አባዬ ጽዋ ይዞ ሳይመርቅ ማንም እጁን ወደ ምግብ አይሰድም። ቸሃ አያቴ ቤት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ክትፎው ቀርቦ ሳለ አጎቴ ካቲካላ ቀድቶ ዘረጋለት። እናቴ አንገቷን ደፋች።

አባዬ ወደኔ ዞሮ «የኔን አምጪ» አለኝ። ከቤት ይዘን የመጣነውን ቀሪቦ ጽዋው እስኪሞላ ቀዳሁለት።

«ይቺ የልጆች ጠላ አይደለች እንዴ?» አለ አጎቴ።

«ልጅ ልሁን እስቲ፤ ሽምግልናውን አልጋ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ» አለና ተነስቶ መረቀን። ምርቃቱ ከወትሮው ረዘመ። ከጽዋው ግን አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ለሐኪሞቹና ለእትዬ ዘይነባ ፈጣሪ ውለታቸውን ይክፈልልን። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ መጠጡን ነጥቃችሁ በድንገት አታስቁሙት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁም አትፈሩ፣ የሚጠጣውን በስሙ ጥሩት።

ዛሬ ጠዋት ክር ላስገባለት ሱቁ ብሄድ፣ አባዬ ከስፌቱ ቀና ሳይል «ሂጂ ወደ ትምህርትሽ» ብሎ አባረረኝ።