የአባቴ ግራ እግር

ሽሮ ሜዳ ያሉ ሰዎች «ሰው ያደረገህ አባትህ ነው» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ሸማኔ አድርጎኛል፣ እሱን አልክድም። ሰው ሲያደርገኝ ግን አላየሁም።

የሚያስተምረኝ እንዲህ ነበር። በአንዲቷ ክፍላችን ውስጥ ሁለት ጉድጓድ ጎን ለጎን ተቆፍሯል፣ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእኔ። እኔ እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድጄ ስሸምን ከራሱ ጉድጓድ ይወጣና ከኋላዬ ይቆማል። የሠራሁትን በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ይዳብሳል። ደህና ከሆነ ምንም ሳይል ይመለሳል። ስህተት ካገኘ ደግሞ ከደረት ኪሱ ምላጭ አውጥቶ የግማሽ ቀን ድካሜን ይቆርጠዋል። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አይናገርም። አንድ ቀን ደፍሬ ብጠይቀው «ዓይን የለህም?» አለኝ፣ በቃ። የተቆረጠውን ክር እየመዘዝኩ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስኩም ስህተቱን እፈልጋለሁ።

ማግኘቱንም ተማርኩ። ግን ከዚያ በፊት የተማርኩት የእሱን ኮቴ ማዳመጥ ነው። ከኋላዬ ሲቆም ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይሸሻል። ዛሬም አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ከጀርባዬ ሲጠጋ እንደዚያው ያደርገኛል። እናቴ በሕይወት ሳለች አንዴ እንኳን ጎበዝ በለው ብላ ትለምነው ነበር። እሱ ግን የተመሰገነ ልጅ ይሰንፋል ይላታል።

የእሱንስ ሥራ ማን ይዳብሰው? አንድ ጊዜ ሥራውን የሚረከቡት ነጋዴ ሴትዮ የነጠላው ጠርዝ ላልቷል አሉት። ዓመት ሙሉ በሱቃቸው በር ሲያልፍ ሰላም አላላቸውም። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አይለውም። ሲያስረክብ «እጅህ ይባረክ» ይሉታል፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱም እየተጎማለለ ወደ ቤት ይመጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስኳር አለብህ ተባለ። ከሐኪም ሲመለስ ምን አሉህ ብዬ ብጠይቀው ሻይ ያለ ስኳር ጠጣ አሉኝ ብቻ አለኝ። ሌላም ነገር ብለውት እንደነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ማታ ማታ እግርህን እይ፣ አንተ ካልቻልክ ልጅህ ይይልህ ብለውት ነበር። እኔ እግሩን ላይለት? ሞቱን ይመርጣል።

የእኛ ሥራ ደግሞ ግማሹ የእግር ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት መርገጫዎች የሚያዙት በገመድ ነው፣ ገመዱም በባዶ እግር በአውራ ጣትና በሚቀጥለው ጣት መካከል ይገባል። አንዱን እግር ስትረግጥ ድሩ ይከፈታል፣ ማጉን ትወረውራለህ፣ ከዚያ ሌላውን ትረግጣለህ። አንዱ እግር ከዘገየ ሁለት ማግ አንድ ላይ ይተኛል። ዓይን አይቶ ሊያልፈው ይችላል፣ ጣት ግን አያልፈውም።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አባቴ ለፋሲካ የታዘዘ የቀሚስ ጨርቅ ይዞ ነበር። የሥራው ድምፅ ተበላሸብኝ። ቀኝ እግሩ እንደ ወትሮው ይረግጣል፣ ግራው ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይስታል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ተነሣሁና ከእሱ ጉድጓድ አጠገብ ተንበረከክሁ። ጨርቁን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ሁለት ማግ አንድ ላይ ተኝቷል። ከአንድ ስንዝር በኋላ እንደገና። ሁሉም የግራ እግሩ ጥፋት ነው።

ደስ አለኝ። ማሳመር አልፈልግም፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልነግረው እችል ነበር። እግርህ ምን ሆኖ ነው ብል አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ግን እዚያው ሽሮ ሜዳ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጨርቁ ሲመለስበት ማየት ፈለግሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እኔም ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት ያንን የሚዘገይ እግር ከጎኔ እያዳመጥኩ የራሴን ጋቢ ሸመንኩ።

የሚያስረክብበት ቀን ሲደርስ ልሸከምልህ ብዬ አብሬው ወረድኩ። ነጋዴዋ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ ብርሃን ላይ ገለባበጡት። ሱቁ በገዢ ተሞልቷል። በመጨረሻ ቀስ ብለው ይሄን እንኳን አልወስደውም አሉ።

አባቴ «ምን አለው?» አላቸው።

ሴትዮዋ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ጣቴን ሰደድኩ። ቀጥታ ስህተቱ ላይ አሳረፍኩት፣ ሳልፈልግ፣ ሳልዳብስ። ከዚያም ሁለተኛው ላይ፣ ሦስተኛው ላይ። አባቴ መጀመሪያ ያየው ጨርቁን ሳይሆን እኔን ነው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ያሳየሁትን ቦታ ዳበሰ። መልሶ ዳበሰ። ጣቱ ሁለቱ ማጎች የተደራረቡበት ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ምንም አያገኝም። ደግሞ ሞከረ።

«የታለ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያኔ ደስታዬ ሁሉ ጠፋ። እያሾፈ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፣ አያሾፍም። ያ በልጅነቴ ሥራ ሁሉ ላይ የፈረደው አውራ ጣት ደንዝዟል። እጁ እንዲህ ከሆነ ያ የሚዘገየው እግር እንዴት ሆኖ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ቤት ስንገባ ጫማህን አውልቅ አልኩት። አላወልቅም አለ። ጮኽኩበት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጫማውን ራሴ ሳወልቀው ሽታው ወደ በሩ አስወጣኝ። ገመዱ በሁለቱ ጣቶቹ መካከል ያለውን ሥጋ እየበላ አጥንት ደርሷል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። አመመህ ወይ ስለው ምኑ አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልተሰማውም።

ሆስፒታል መጀመሪያ የእግሩን ጣቶች ብቻ እንቆርጣለን አሉን። በሳምንቱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ቁስሉን ልታይ የመጣችው ወጣት ሐኪም ተናዳ ነበር፣ ንዴቷም በእኔ ላይ ነበር። አልጋው አጠገብ ቆማ፣ እሱ እየሰማ፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር አንዴ ከደነዘዘ ቢወጉትም አይናገርም፣ የሚናገርለት አብሮት የሚኖር ሰው ነው አለችኝ። ከዚያም ጠየቀችኝ።

«ከዚህ በፊት ምንም አላየህም? አካሄዱ፣ ሥራው ላይ፣ ትንሽ ለውጥ?»

«ምንም አላየሁም» አልኳት።

አባቴ ዞሮ አየኝ። የሱቁን ጠረጴዛ፣ ቀጥታ የሄደውን ጣቴን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁት። ይናገር፣ ይሳደብ፣ ሐኪሟ ፊት ያዋርደኝ፣ ይገባኛል። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል።

«እሱ ሥራ ላይ ነበር» አላት ወደ ሐኪሟ ዞሮ። «በምን ያየዋል? እግሬ እኮ ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው፣ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ጥፋቴን በዓይኑ አይቶ ሲያልፈኝ ያ የመጀመሪያው ነው፣ ምነው በተሳደበ።