ኮርችና ግራር ስንት ቤት ናቸው?

የልጅ ልጄ ቤዛ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአንድ እጇ የኮርች፣ በሌላው የግራር አበባ ይዛ ገባች። «እማማ፣ ቲቸር እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው አለን። እውነት ነው?» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴትዮ፣ ከመመለሴ በፊት ሐሳቤ ወደ ልጅነቴ ሄደ።

ደብረ ማርቆስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ መምህራችን ዛፍ ሊያሳዩን ከከተማ ይዘውን ወጡ። አገሩ የታጨደ ጤፍ ይሸታል። እኔና የክፍል ጓደኛዬ ይበልጣል የሽምብራ እሸት እየበላን ከኋላ እንጎተታለን። ይበልጣል የአምበር አገር ልጅ ነው፤ ቀይ፣ ረጅም። እኔ ጥቁር፣ ድንክ ቢጤ። «እናንተን ደግሞ ምን አገናኛችሁ?» ይሉናል። እንዋደድ ነበር፤ ሽማግሌ ሊልክም ቆርጧል።

ኮርቹ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባውን ብቻ ተሸክሟል። የግራሩ አበባ ደግሞ የተባዘተ ጥጥ ይመስላል።

«ኮርች የሚጋብዘው ወፍን ነው፣ ግራር ንብን» አሉ መምህራችን። «እንግዳቸው ስለተለያየ በብዙ ዘመን መልካቸውም ተለያየ። ዝምድናቸውን የምትፈልጉ ፍሬያቸውን ፈልቅቁ።»

ፈለቀቅን። የሁለቱም ዘር ልክ እንደምንበላው ሽምብራ ሽፋኑ ውስጥ ተኝቷል። «ወይ ጉድ!» አለ ይበልጣል። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አውቄ!

በጥር ሽማግሌዎቹ መጡ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም፤ ከዚያ ወዲህ የተገናኘ እህትና ወንድም ነው። አያቴ አባባ ትውልዱን እየጠሩ ሲቆጥሩ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ስድስተኛው ቤት ላይ አንዲት የይጁቤ ሴት የሁለታችንም የዘር ግንድ ሆና ተገኘች።

ዘልዬ ወጣሁ፤ በሽማግሌ ፊት፣ ያለ ሐፍረት። «አባባ፣ መልካችን እኮ አይገናኝም! ይዩን እስቲ!»

«መልክ ምን ያደርጋል ልጄ? ደም ነው እንጂ» አሉኝ።

ያንኑ እኔም ከኮርቹ ሥር ተምሬው መጥቻለሁ። ሽማግሌዎቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ይበልጣል ደብረ ወርቅ ሄዶ አገባ። እኔም አገባሁ፤ ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። በሠርግ በለቅሶ ስንገናኝ ይበልጣል «እህቴ» ይለኛል። ምን እዋሻለሁ፣ ዛሬም ያመኛል።

ቤዛ መልስ ትጠብቃለች። «አዎ፣ ዘመዳሞች ናቸው» አልኳት።

«ስንት ቤት ይሆናሉ?»

አበቦቹን ተቀብዬ አንድ ብርጭቆ ውስጥ አቆምኳቸው።

«ኧረ ከሰባት በላይ ናቸው» አልኩ። «እነሱስ ቢጋቡም ማንም አይከለክላቸውም።»