ከሚኒባሱ ሥር የቀባሁት ጥቁር ቀለም

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወጣት ከሞምባሳ የመጣች ብርማ መኪና ይዞ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ወዳለችው ጋራዤ መጣ። ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ጨዋ፣ አማርኛው የአዲስ አበባ ልጅ አማርኛ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ ከሥሯ ገባሁና በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ ሳደርጋት ዝገቱ እንደ ደረቀ ቂጣ እየተፈረፈረ ፊቴ ላይ ወረደ። ስወጣ ልጁ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ብዙ አይድከሙ። ከሥር ጥቁሩን ቀለም ብቻ ይርጩልኝ። ቅዳሜ የሚገዛት ሰው ሊያያት ይመጣል።»

ቁልፉን ወርውሬ መለስኩለት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። መንገድ ዳር የቆሙ የማታቱ ታክሲ ረዳቶች ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ ጮኽኩ። ልጁ ከሄደ በኋላ፣ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ሳሮን ክንዴን ያዘችኝ።

«ዳዲ፣ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በል! ኢትስ ጀስት ፔይንት። ፕሬዠርህን አስብ እንጂ።»

ቀለም ብቻ አይደለም። ግን ያን ጊዜ አላስረዳኋትም፤ ገብቼ ሻይ ጠጣሁ።

ነገሩ የሆነው በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ናይሮቢ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ከአገሬ ይዤ የወጣሁት ሀብት አጎቴ ያስተማረኝ የባትላሜ ሙያ ብቻ ነው፤ የተጨማደደ ላሜራ በመዶሻ ማቃናት፣ የዛገውን ቆርጦ አዲስ መበየድ። ቀጣሪዬ አቶ ደረጀ ይባላል። በንጎንግ መንገድ አካባቢ ጋራዥ ነበረው፤ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ።

አንድ ጊዜ ፖሊሶች መንገድ ላይ አፍሰው ሲያስሩኝ ዋስ ሆኖ ያስፈታኝ እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስደተኛ ወረቀቴን «እንዳይጠፋብህ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። እኔም ፍቅር መስሎኝ አመሰግነው ነበር።

በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን ሚኒባስ ገዛ። ማታቱ ላይ መሳፈር ያቃታቸውን አሮጊቶች ከየሰፈሩ የሚያመጣ፣ መዘምራኑንም የሚያጓጉዝ ነበር የታሰበው። ሴቶቹ ለዚህ ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሳምቡሳ ሸጠዋል። ጠባሿ እትዬ ወርቅነሽ ነበሩ፤ አጭር፣ ጠይም፣ ድምፃቸው ከመዘምራኑ ሁሉ የሚጎላ ሴትዮ። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በአንዲት ክፍል ቤታቸው ይጠብሳሉ። ምስሩ በቃሪያ የተለነቀጠ ነው፤ ስትነክሰው ትኩሱ ዘይት አገጭህ ላይ ይፈሳል። እጃቸው በዘይት ፍንጣቂ ጠቃጠቆ አውጥቶ ነበር።

መኪናውን ፈልጎ እንዲገዛ የተወከለው ደረጀ ነው። ከሞምባሳ አመጣው። የቀረውን ሥራም «ለጌታ ቤት በነጻ እሠራዋለሁ» ብሎ መድረክ ላይ ሲናገር አሜን ተባለለት።

ከላይ ሲታይ የሚያምር መኪና ነበር። ነጭ፣ በሰም የተወለወለ፣ ወንበሮቹ አዲስ ጨርቅ የለበሱ። ግን በባሕር ዳርቻ የኖረ መኪና በላዩ አይታወቅም። ጨው ያዘለው ነፋስ ከሥር ገብቶ ነው የሚበላው፤ የጎማው መከለያ ፓራፋንጎው ውስጥ፣ የበሩ ታችኛው ስፌት ላይ፣ ሻንሲው መገጣጠሚያ ላይ ይቀመጣል። አርብ ጠዋት ከሥሩ ገብቼ በካቻቢቴ ስወጋው፣ ከሁለተኛው ረድፍ ወንበር በታች ብረቱ እስከ እጀታው ዋጠው። ወጥቼ ወደ ደረጀ ሄድኩ።

«ጋሼ ደረጀ፣ ይኼ መኪና ወለል የለውም።»

«የለውም ማለት?»

«ምንጣፉ ነው ወንበሩን የያዘው። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

«ምረቃው እኮ እሑድ ነው።»

«ይራዘማላ።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ብረት ታያለህ፣ እኔ እምነት አያለሁ። ቀባው።» ዞር ብሎም የመሳቢያውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ፣ «ለመሆኑ ወረቀትህ የሚታደሰው መቼ ነበር?» አለኝ።

ገባኝ። ቀባሁት።

ሙያውን ለማያውቅ ልንገር። ዝገት ላይ የተቀባ ጥቁር ቀለም ዝገቱን አያቆመውም። መጀመሪያ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቃል፤ የበሰበሰው ይቆረጣል፤ ጸረ ዝገቱ ይቀባል፤ ጥቁሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እንዲሁ ከደፋኸው ግን እርጥበቱን ውስጥ ቆልፈህበት፣ ማንም እንዳያየው አድርገህ፣ በሰላም እንዲበላ ተውከው ማለት ነው። ይህን አሳምሬ እያወቅሁ ሁለት እጅ ረጨሁት። ደጅ የሚያዝያ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምሳ ቻፓቲና ባቄላ መጣ፤ እጄ ሬንጅ ሬንጅ ስለሸተተኝ አልበላሁም።

እሑድ ዝናቡ አባራ። ግቢው ቀይ ጭቃ ሆኖ መዘምራኑ ልብሳቸውን ሰብስበው በድንጋይ ላይ እየተራመዱ መጡ። ሽማግሌዎቹ በሚኒባሱ ዙሪያ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩ። ደረጀም ማይክ ይዞ፣ «ከላይ እስከ ታች ተፈትሿል፤ ክብር ለጌታ!» አለ። እልልታው ሲቀልጥ እኔ ጥርሴን ነክሼ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ እትዬ ወርቅነሽ በመጀመሪያ ይሳፈሩ ተባለ። ከአራት አሮጊቶች ጋር ወጡና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። በመስኮቱ አዩኝ።

«የኔ ልጅ! እጅህ ይባረክ!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አይደለም ያደረግሁት። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ካቻቢቴ አወጣሁ፤ ያለችኝን አንዲት ሙሉ ልብስ እንደለበስኩ ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ላይ ወጋሁ። ብረቱም ምንጣፉም አልያዘውም። ካቻቢቴው እትዬ ወርቅነሽ እግር አጠገብ ብቅ ሲል ጩኸታቸው ተሰማኝ።

«ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ! ይኼ መኪና ይገድላችኋል!»

ጭቃ ለብሼ ወጣሁ። አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥር አላየም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። አንዱ ሽማግሌ «መንፈሱ ልክ አይደለም» አለ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ይጸልዩልኝ ጀመር! መኪናው ወለል የለውም እያልኩ እኔ ላይ ያለውን ሰይጣን ይገሥጻሉ። ደረጀ ድምፁን አለስልሶ፣ «ወገኖቼ፣ የቀባው ራሱ ነው። ጠይቁት» አለ።

እውነት ነበር። 

እትዬ ወርቅነሽ ብቻ ወርደው ተንበረከኩ። እጃቸውን ከሥር ሰደዱ፤ ሲያወጡት መዳፋቸው ሙሉ ቡናማ ፍርፋሪ ነበር። ለደረጀ አሳዩት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ስትቀባው አፍ አልነበረህም?»

ሥራዬን በዚያው ሰዓት አጣሁ። ወረቀቴን ግን ሰኞ ዕለት እትዬ ወርቅነሽ ራሳቸው አመጡልኝ። ጋራዡ በር ላይ ቆመው «ካልሰጠኸኝ ደንበኛህ ሁሉ እያየ እዚሁ እውላለሁ» አሉት አሉ። ሲሰጡኝ ፊቴን አላዩም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከመዘምራኑ አንዱን መሃል ከተማ አገኘሁትና ሚኒባሱ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ተሸጠ።»

«ተሠርቶ?»

«ቀዳዳዋን ደፍነው ትንሽ ቀለም አስነኩት። አታስብ፣ የገዛው የኢስሊ ሰፈር ሙስሊም ነጋዴ ነው። የእኛ ሰው አይደለም።»

ስድብም፣ ዱላም፣ እስርም ደርሶብኛል። እንደዚያች ቃል ያቃጠለኝ ነገር የለም። የእኛ ሰው አይደለም! ለራሳቸው አሮጊቶች ያልበጀውን ጸልየው ለሰው እናት ሰጡ። እዚያው መንገድ ላይ የዘማሪውን ኮሌታ ጨምድጄ ይዤው ነበር፤ ሰዎች ገላገሉን።

ኢስሊን ሁለት ቀን ዞርኩ። በሁለተኛው ቀን ሚኒባሱን አንድ የጨርቅ መደብር ፊት ቆሞ አገኘሁት። ጣራው ላይ ቦንዳ ተጭኗል፤ ውስጡ ሞያሌ የሚሄዱ ሴቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ሐጂ ሙክታር የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሴቶቹን አስወረዱ፣ ቦንዳውን አስወረዱ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው አስፋልቱ ላይ ተጋደሙ። ካቻቢቴውን ሰጠኋቸው፤ ሁለት ጊዜ ወጉ። ሲነሡ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል።

«ወላሂ፣ በፈጣሪ ስም ምለው ነው የሸጡልኝ! ማን ነው ይኼን የቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ።»

በጥፊ የሚሉኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እንግዲያው አንተው ትፍቀዋለህ» አሉኝ።

ዐሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከመደብራቸው ጀርባ ባለው ግቢ የገዛ ጥቁር ቀለሜን በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት፤ ወለሉን እንዳለ ቆርጬ አዲስ በየድኩ። ሐጂ በየቀኑ መጥተው ከራሴ በላይ ቆመው ያያሉ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ነጋዴዎች መኪናቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ የራሴ ሥራ የተጀመረው በዚያ ነው። ደረጀ ግን በሽምግልናው ቀጠለ። አምና መሃል ከተማ አግኝቶኝ፣ «ያለፈውን ረስተነዋል፣ ወንድሜ» ብሎ ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ። ረስተነዋል አለኝ! ትቼው ሄድኩ። ይቅር በል የሚሉኝ አሉ፤ ይቅርታ ጠይቆኝ ቢሆን አስብበት ነበር።

ወጣቱን ባባረርኩ ማግስት፣ አርብ ከሰዓት፣ ይህን ሁሉ ለሳሮን ነገርኳት። ስልኳን አስቀምጣ አዳመጠችኝና፣ «ዳዲ፣ ያ ልጅ ግን መኪናዋን ሌላ ፉንዲ፣ ሌላ መካኒክ ጋ ይወስዳታል፣ አይደል?» አለችኝ።

«ይወስዳታል።»

«ሶ፣ ጩኸትህ ምን ጠቀመ?»

እኔ አልቀባሁትም፣ እጄ የለበትም ልላት ነበር። እጄ የለበትም ብሎ ቤት መግባት፣ የእኛ ሰው አይደለም ከማለት በምን ይለያል? ይህን ያህል ዓመት በሰዎቹ ስናደድ ኖሬ፣ ሐሙስ ዕለት ያደረግሁት ነገር ቢኖር ልጁን አባርሬ ሻይ መጠጣት ነው።

የልጁን ስልክ ቁጥር ሳሮን መዝግባው ነበር። ደወልኩለትና፣ መኪናዋን ለሚገዛው ሰው እኔ ራሴ ከሥሯ ገብቼ ላሳየው እንደምፈልግ ነገርኩት። ስድቡን አወረደብኝ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

«ቅዳሜ የት ነው የምትገናኙት?» አልኩት።